የግቢ ውበት በግንቦት ይመዘን

በመምህራን መጽሔት ላይ ሂስ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ግጥም ወይም ስለ ቲያትር ነው። እኛ ዛሬ ሂስ የምናቀርብበት ሥራ ግን በወረቀት ላይ የተጻፈ ሳይሆን በመሬት ላይ የተተከለ ነው። መምህራንም ሆንን ተማሪዎች በየዕለቱ እናልፍበታለን፤ በዕረፍት ሰዓት ከጥላው ሥር እንቀመጣለን፤ ሆኖም ጥሩ ሥራ ነው ወይስ መጥፎ ብለን ስንከራከር አንሰማም። ይኸውም የትምህርት ቤት ግቢ ነው።

ግቢን፣ መናፈሻንና የመንገድ ዳርን በዕቅድ የማልማት ሙያ ላንድስኬፕ አርክቴክቸር ይባላል። በአማርኛ የመልክአ ምድር ንድፍ ብንለው ያስኬዳል። ቤት የሚነድፍ አርክቴክት ስለ ግድግዳና ስለ ጣሪያ እንደሚያስብ ሁሉ፣ የመልክአ ምድር ነዳፊም የዝናቡ ውኃ ወዴት እንደሚፈስ፣ ጥላው የት እንደሚያርፍ፣ የትኛው ተክል ከየትኛው ጎን እንደሚቆም አስቀድሞ ያስባል። ዝናብ በሚያጥርባቸው አገሮች ይህ ሙያ በተለይ ሁለት ጥያቄዎችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው፣ የተተከለው ነገር ያለ ብዙ ውኃ በጋውን ይዘልቃል ወይ? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከቦታው የጠፉት ወፎች፣ ነፍሳት፣ ሣርና ቁጥቋጦ ተመልሰው ይኖሩበታል ወይ? የሚል ነው።

ብዙ ሰው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። ድርቅ የሚችል ዛፍ ከተተከለና ከጸደቀ መሬቱ አገገመ ይባላል። የእኛ ሂስ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ድርቅን መቻል የመግቢያ ፈተና ነው፤ የመመረቂያው ፈተና ሌላ ነው።

መጀመሪያ ራሳችንን

ሂስ ከራስ ቢጀምር ይሻላልና ከምናስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ እንነሣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመማሪያ ክፍሎቹ በስተጀርባ ያለው ተዳፋት በክትክታ፣ በአጋምና በቀጋ የተሸፈነ ነበር፤ አልፎ አልፎም ግራር ነበረበት። እኛም ‹‹ግቢው ጫካ ሆነ፤ መልክ ይኑረው›› ብለን ሠልጣኞችን አሰለፍን። ገጀራና ዶማ ይዘን ቁጥቋጦውን በሁለት ቅዳሜ መነጠርነው። ክረምቱ ሲገባ በመስመር ጉድጓድ ቆፍረን ከችግኝ ጣቢያ የመጣልንን ግራቪሊያና ጃካራንዳ ተከልን። ከቢሮው ፊት ለፊት ደግሞ ሣር አለበስን።

የግቢው አትክልተኛ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት፣ ምንጣሮው ሲጀመር ቆመው ያዩን ነበር። ‹‹ልጆች፣ ይኼ ክትክታ ምን በደላችሁ? እሱ ከተነሣ እኮ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል›› አሉን። ‹‹አይዞዎት ጋሼ፣ በምትኩ ዛፍ ነው የምንተክለው›› ብለን አለፍናቸው። በዚያው ሳምንት የተተከለውን ችግኝ ብዛት የሚገልጽ ሪፖርት ጻፍን፤ ምስጋናም ተቀበልንበት።

በግንቦት መልሰን ስናየው በተዳፋቱ ላይ የነበረው አብዛኛው ችግኝ እንደ ቆመ ደርቋል። የላዩ አፈር በክረምቱ ጎርፍ ታጥቦ ከታች ካለው ቦይ ገብቷል። ለምልሞ የቆየው የቢሮው ፊት ሣር ብቻ ነበር፤ እርሱም በየማለዳው በጎማ ውኃ ስለሚጠጣ ነው። በዚያው ሰዓት ሠልጣኞቻችን ጀሪካን ይዘው ከቧንቧው ዘንድ ተራ ይጠብቁ ነበር። ለሰው ያልበቃውን ውኃ ለሣር የሚያጠጣ ግቢ ምንም ያህል ቢያምር በንድፉ ወድቋል።

አንድ ነገር ግን አስተማረን። ከተዳፋቱ ጫፍ፣ ድንጋይ ስለበዛበት ሳንመነጥረው የተውነው የክትክታ ጥግ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ከዚያ ቁጥቋጦ ሥር ሦስት የወይራ ቡቃያዎች አገኘን። ማንም አልተከላቸውም፤ ማንም ውኃ አላጠጣቸውም።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። የወይራን ፍሬ ወፎች ይበላሉ፤ ከዚያም ቁጥቋጦ ላይ አርፈው ዘሩን ከኩሳቸው ጋር ይጥላሉ። ቡቃያው ሲወጣ ቁጥቋጦው ከቀትር ፀሐይ ይጋርደዋል፤ የአፈሩን እርጥበት ያቆይለታል፤ ከፍየል ዓይንም ይሸሽገዋል። በትግራይ የተራቆቱ ተራሮች ላይ የተካሄዱ ጥናቶችም ወይራ ከገላጣ መሬት ይልቅ በቁጥቋጦ ጥላ ሥር በተሻለ እንደሚበቅል አሳይተዋል። እኛ ግን ያን ቁጥቋጦ አረም ብለነው ነበር። ሞግዚቷን አባረን ሕፃኑን ልናሳድግ ተነሥተን ነበር ማለት ነው።

ከድንጋይ ጉድጓድ የተነሣ ደን

ከዚህ ስህተት በኋላ ለሠልጣኞቻችን የተሻለ ምሳሌ ስንፈልግ ያገኘነው በጎረቤታችን በኬንያ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሞምባሳ ከተማ አጠገብ ባምቡሪ በሚባል ስፍራ በ1950ዎቹ የተቋቋመ የሲሚንቶ ፋብሪካ አለ። ፋብሪካው የኖራ ድንጋዩን የሚያወጣው ከጥንት የባሕር ኮራል ክምችት ነው። ድንጋዩ ተቆፍሮ ሲያልቅ የቀረው ሰፊ ጉድጓድ ወለሉ ነጭ ነበር። አፈር አልነበረውም፤ ጥላ አልነበረውም፤ ከሥሩ ያለውም ውኃ ጨዋማ ነው። በ1971 ሬኔ ሃለር የተባሉ የስዊዘርላንድ ተወላጅ የግብርና ባለሙያ ይህን ቦታ መልሶ የማልማት ሥራ ጀመሩ።

ሃለር በመጀመሪያ 26 ዓይነት ዛፎችን ሞከሩ። ከእነዚህ የተረፉት 3 ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ሸውሸዌ፣ ዳማስና ኮኮናት ናቸው። እኛ መምህራን ልብ ልንለው የሚገባው የመጀመሪያው ነጥብ ይህ ነው። የ23ቱ መሞት አልተደበቀም፤ ቀጣዩ ሥራ የተመራው በዚያ መልስ ነው። በየክረምቱ ያንኑ ዓይነት ችግኝ በዚያው ጉድጓድ መልሰን የምንተክል እኛ፣ የሞተው ችግኝ የሰጠንን መልስ ስንት ጊዜ አንብበነዋል?

ሸውሸዌ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ነፋስ ሲነካው የሚያፏጭ፣ በእኛም አገር በየግቢው የሚታይ ዛፍ ነው። ጨው ይችላል። በሥሩ ላይ ከሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ጋር ተባብሮ ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚያገኝ ለም አፈር በሌለበትም ያድጋል። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነጩ ጉድጓድ አረንጓዴ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን ሪፖርቱን እዚህ ላይ ጽፎ ይጨርስ ነበር።

ይሁን እንጂ የረገፈው የሸውሸዌ ቅጠል አልበሰበሰም። ታኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ስለያዘ የሚበላው ፍጥረት አልነበረም፤ እንደ ምንጣፍ እየተደራረበ ቀረ። ቅጠሉ ካልበሰበሰ አፈር የለም፤ አፈር ከሌለ ሌላ ተክል የለም። ጉድጓዱ አረንጓዴ ነበር፤ ሕያው ግን ገና አልሆነም ነበር። በዚህ ጊዜ የደረሰለት ቀያይ እግሮች ያሉት፣ ሲነኩት የሚጠቀለል፣ በሳይንስ መጻሕፍት ሚሊፔድ የሚባለው ትንሽ ፍጥረት ነው። የሸውሸዌን ቅጠል ሲበላ ስለታየ ሚሊፔዱ በብዛት ወደ ቦታው እንዲገባ ተደረገ። እርሱ በልቶ የጣለውን ባክቴሪያዎች እየፈጩት ቀስ በቀስ ጥቁር አፈር ተፈጠረ። በአፈሩ ላይ ሌሎች ተክሎች በቀሉ፤ ነፍሳትና ወፎች ተከተሉ፤ የዓሣ ኩሬዎች ተሠሩ። ከጊዜ በኋላም የኬንያ ጠረፍ አገር በቀል ዛፎች እንዲገቡበት ተደረገ። ቦታው በ1984 ለሕዝብ ተከፈተ፤ ዛሬ በጀማሪው ስም ሃለር ፓርክ ይባላል።

የዚህ ሥራ ውበት በእኛ አስተያየት በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ችግርን የሚችል ዛፍ፣ ቀጥሎ አፈር የሚሠራ ትል መሰል ፍጥረት፣ በመጨረሻም ደኑ። ሸውሸዌው ተሸልሞ ብቻውን አልቀረም፤ ለሚቀጥለው ቦታ የሚያዘጋጅ ቀዳሚ ሆነ።

ነቀፌታ የለውም ማለት ግን አይደለም። በመጀመሪያ፣ ጉድጓዱን የቆፈረው ራሱ ፋብሪካው ነው። ቁስሉን ማከም የማቁሰል ፈቃድ ተደርጎ እንዳይወሰድ መምህር ለተማሪው ሳይነግረው ማለፍ የለበትም። ሁለተኛ፣ ሥራውን የጀመረው ሸውሸዌ ከእስያና ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ዛፍ ነው፤ እንግዳን ለመጥራት ጥንቃቄ እንደሚያሻ ከዚህ በታች እንመለከታለን። ሦስተኛ፣ ዓለም ቦታውን ያወቀው በአፈሩ አይደለም። በታኅሣሥ 2004 ከደረሰው ሱናሚ በኋላ ወደዚያ የተወሰደው ኦወን የተባለ የጉማሬ ግልገል ምዜ ከተባለ ሽማግሌ ኤሊ ጋር ተወዳጀና ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ወሬው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ጉማሬው የሚጠጣውን ውኃ የሚጋርደው ደን በማን ድካም እንደ ቆመ ሳይነገር ይቀራል። ለክፍል ትምህርት የሚበልጠው የሚሊፔዱ ታሪክ ነው።

ድርቅን መቻል ብቻውን

በዚያው ሚዛን ላይ ሌላ ሥራ እናስቀምጥ። ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እሾኻም ዛፍ ነው። ወደ አፋር የገባው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ፣ አፈር እንዲይዝና የተራቆተ መሬት እንዲሸፍን ታስቦ ነው። በድርቅ ፈተና ብቻ ቢመዘን ከመቶ መቶ ያገኛል። ሥሩ ጠልቆ ውኃ ይስባል፤ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከብቶች ጣፋጭ ፍሬውን በልተው ዘሩን በእበታቸው ይበትኑታል። ዛሬ በአፋር ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር የሚበልጥ መሬት ይዟል። የወረረው ደግሞ አርብቶ አደሩ ለክፉ ቀን ይጠብቀው የነበረውን በአዋሽ ዳር ያለውን የግጦሽ መሬት ጭምር ነው።

በኬንያም በባሪንጎ ሐይቅ ዙሪያ ይኸው ዛፍ በ1980ዎቹ ተተክሎ መሬቱን ወረረው። የስኳር ብዛት ያለበት ፍሬው የፍየሎችን ጥርስ ስለሚጨርስ፣ የአካባቢው የኢልቻሙስ ሕዝብ መንግሥትን ሲከስስ ጥርሷ ያለቀ ፍየል ለማስረጃ ፍርድ ቤት አቅርቧል። ዛፉን የተከሉት ሰዎች ክፋት አልነበረባቸውም። የጠየቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ስለነበረ ነው፤ ድርቅ ይችላል ወይ? ብለው ጠየቁ፤ አዎን የሚል መልስ አገኙ፤ ከዚያ በኋላ አልጠየቁም።

ከዚህ ተነሥተን እንግዳ ዛፍ ሁሉ ጠላት፣ የአገሩ ዛፍ ሁሉ ወዳጅ ነው ወደሚል ድምዳሜ መሮጥም አይገባም። ባምቡሪ ላይ ከተረፉት ሦስቱ አንዱ ዳማስ መነሻው ከዚሁ ከቀንዳችን፣ ከሶማሌ ምድር ነው። ሙቀትና ጨው ስለሚችል ኩዌትና ሌሎች የባሕረ ሰላጤ አገሮች በየመንገዱና በየአጥሩ ዳር በብዛት ተከሉት። ፈጥኖ አደገ፤ ጥላም ሰጠ። ውኃ ፍለጋ የሚሮጠው ሥሩ ግን የቧንቧ መስመርን እየሰነጠቀ ነዋሪውን አማርሯል። በዚያ አካባቢ ለሥራ የቆዩ ወገኖቻችን አጥር ሆኖ ተከርክሞ ሳያዩት አልቀሩም። አንዱ ዛፍ በድንጋይ ጉድጓድ ባለውለታ፣ በከተማ መንገድ ዳር ባለዕዳ ሆነ። ስለዚህ ሂስ ሰጪው ዛፉን ብቻ ሳይሆን ዛፉንና ቦታውን አንድ ላይ መመልከት አለበት።

ግንብ የሠራው ሥራ

ታዲያ ከአገራችን የሚጠቀስ መልካም ሥራ የለም ወይ? ቢባል አለ። በደቡብ ጎንደር ከአውሮፕላን ላይ የተነሡ ሥዕሎችን ያየ ሰው፣ በታረሰና በተጋጠ ሜዳ መካከል ክብ ክብ ሆነው የቆሙ አረንጓዴ ነጥቦችን ያስተውላል። በየነጥቡ መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ። ጥዱ፣ ወይራውና ዋንዛው የቆየው ምእመኑ የቤተ ክርስቲያኑ ልብስ አድርጎ ስለጠበቀው ነው።

እነዚህን ደኖች ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ትልልቆቹ ዛፎች ቢኖሩም የሚተካቸው ቡቃያ እየጠፋ መሆኑን፣ አንዱም ምክንያት የሚገቡት ከብቶች መጋጥና መርገጥ እንደሆነ አመልክተዋል። ከአሜሪካዊቷ የሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋርም በመተባበር በአንዳንዶቹ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ካቡን የሠራው የአካባቢው ሕዝብ ነው፤ ድንጋዩም ከየማሳው የተለቀመ ነው። አራሹ ማሳው ጸዳለት፤ ደኑም በር አገኘ።

በመልክአ ምድር ንድፍ ዓይን ሲታይ ይህ ካብ እጅግ የሚደነቅ ሥራ ነው። አንድም ችግኝ ሳይተከል ከአፈሩ ውስጥ ያለው ዘር እንዲበቅል ዕድል ሰጠ። ሆኖም ካብ ብቻውን ሁሉን አያድንም፤ ከውስጥ ያለውን ሐሳብም ማስተካከል ያሻል። በአንዳንዶቹ ደኖች ውስጥ ለገቢ ሲባል ባሕር ዛፍ ይተከላል፤ ካቡ ከብትን እንጂ ይህን ሊከለክል አይችልም።

ግቢን እንዴት እንገምግም?

ከላይ ካየናቸው ሥራዎች ለመምህራንና ለተማሪዎች የሚሆኑ አራት መመዘኛዎችን እናቀርባለን።

1ኛ. ተክሉ ድርቅን የሚችለው በምን ዘዴ ነው? ክትክታ ቅጠሉ በሚያጣብቅ ሙጫ መሰል ነገር የተቀባ ነው። ሬት ውኃን በወፍራም ቅጠሉ ያከማቻል፤ የቅጠሉንም ቀዳዳዎች የሚከፍተው በሌሊት ነው። ግራር ጥቃቅን ቅጠልና ጠልቆ የሚሄድ ሥር አለው። ተማሪው ዘዴውን ካወቀ የትኛው ተክል ለየትኛው የግቢው ጥግ እንደሚስማማ ራሱ ይወስናል።

2ኛ. ከተክሉ ጋር ማን መጣ? ከዛፉ ሥር ሌላ ነገር በቅሏል ወይ? ወፍ ጎጆ ሠርቶበታል ወይ? ንብ ትቀስምበታለች ወይ? ከሥሩ ባዶ መሬት ብቻ የሚታይ ከሆነ ዛፉ ምሰሶ ሆኗል ማለት ነው።

3ኛ. ውኃው ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል? ከክፍሎቹ ጣሪያ የሚወርደው የክረምት ዝናብ ወደ ቦይ ይሮጣል ወይስ በእርከንና በድንጋይ ካብ ተይዞ ወደ አፈሩ ይሰርጋል? የቧንቧ ውኃ የሚጠጣው ማን ነው?

4ኛ. ከመትከላችን በፊት ምን ነበረ? ያጠፋነውስ ምንድን ነው? ይህ መጨረሻ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ስለሚረሳ ነው፤ መጠየቅ ያለበት ግን ገጀራው ከመነሣቱ በፊት ነው።

አንዳንድ መምህራን ‹‹ችግኙም ከላይ ይመጣል፤ ቁጥሩም ከላይ ይጠየቃል፤ ታዲያ እኛ ምን ምርጫ አለን?›› ይሉን ይሆናል። እውነትነት አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ማስታወቁ ይታወሳል። ያን ያህል ሕዝብ ዶማ ይዞ መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ልናቃልለውም አንፈልግም። ነገር ግን ተከላ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ጽድቀት ግን ዓመታት ይፈጃል። የተተከለውን የሚቆጥር ብዙ ነው፤ የጸደቀውን በየዓመቱ በዚያው ቦታ ቆሞ ሊቆጥር የሚችል ከትምህርት ቤት የተሻለ ማን አለ?

ለዚህም ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ተማሪዎች ከግቢው ጥግ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ በገመድ ይከልሉ። በመስከረምና በግንቦት ገብተው በሕይወት ያለውን ሁሉ ይቁጠሩ፤ የተተከለውንም ያልተተከለውንም። የባዮሎጂ መምህሩ ዝርያዎቹን፣ የሒሳብ መምህሩ መቶኛውን፣ የጂኦግራፊ መምህሩ የአፈሩንና የተዳፋቱን ነገር ያስተምሩበት። የአማርኛ መምህሩም ተማሪዎቹን ወደ አዛውንቶች ልኮ የየቁጥቋጦውን ስምና ጥቅም ያሰብስብ። የግቢያችንን ጋሼ አስቀድመን ጠይቀናቸው ቢሆን ኖሮ ያ ተዳፋት ባልተራቆተ ነበር።

እኛም ከዚያ ወዲህ ያን ተዳፋት መመንጠር ትተናል። ከተለቀመው ድንጋይ አጫጭር ካቦች ሠርተንበታል፤ የቢሮውን ሣር በግማሽ ቀንሰን ቀሪውን ቦታ ሰርዶና ሬት ይዞታል። ክትክታው ቀስ በቀስ እየተመለሰ ነው። ከሦስቱ ወይራዎች አንዱን አጥር ጥሳ የገባች ፍየል በላችው፤ ሁለቱ ከጉልበት አልፈዋል። ጋሼ ጡረታ ቢወጡም አልፎ አልፎ ብቅ እያሉ ያዩአቸዋል። የግንቦት ቆጠራችን ገና ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳናፍርበት የምናነበው ቁጥር ሆኗል። የእናንተም ግቢ የግንቦት ቆጠራ ምን እንደሚል ለዚህ መጽሔት ጽፋችሁ ብታሳውቁን፣ ከየአካባቢው የሚመጣውን መልስ እያነጻጸርን ብዙ እንማርበታለን።